ሠላሳ ቃል ለጀብዱ ሜዳ

በህንድ ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኞች በሚመለመሉበት ፈተና ታሪክን በምርጫ የያዘ ሰው ሁለት ወረቀት ይፈተናል። እያንዳንዱ ወረቀት ከ250 ይታረማል። የመጀመሪያው ወረቀት የሚከፈተው በካርታ ነው። በካርታው ላይ 20 ነጥቦች አሉ፤ ለእያንዳንዱ አጭር ፍንጭ ይሰጣል። ተፈታኙ ቦታዎቹን ለይቶ ስሞቻቸውን ይጽፍና ስለ እያንዳንዱ በ30 ቃል ገደማ ማስታወሻ ያሰፍራል። አንዱ ቦታ ሁለት ነጥብ ተኩል ያስገኛል።

ይህን ጥያቄ ያሰበው ሰው ሙያውን የሚያውቅ ነው። 30 ቃል ለማድበስበስ አይበቃም። በሦስት ገጽ ጽሑፍ ውስጥ ያልገባን ነገር በብዙ ቃል ሸፍኖ ማለፍ ይቻላል፤ በ30 ቃል ግን የገባውና ያልገባው ወዲያው ይለያሉ። ካርታው ደግሞ ሌላውን ጉድለት ያጋልጣል። ውጊያውን፣ ንጉሡንና ዓመቱን በቃሉ የያዘ፣ ቦታው ግን ከወንዙ ወዲህ ይሁን ወዲያ የማያውቅ ስንት ተማሪ አለ? ጥያቄው ጊዜን፣ ቦታንና ምክንያትን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ይመዝናል።

በኛ አገር እንዲህ ያለ የመንግሥት ሥራ ፈተና የለም። ለዚህ የሚቀርበው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ ወላጆች ዛሬም ማትሪክ ይሉታል። ሶሻል የመረጠ ተማሪ ከሌሎቹ ትምህርቶች ጋር ታሪክን ይፈተናል። ጥያቄው ምርጫ ነው፣ መልሱም በወረቀት ለሚፈተን ተማሪ በእርሳስ የሚጠቆር ክብ ነው። ማንም 30 ቃል ጻፍ አይለውም። እኔ ግን በወልቂጤና በቡታጅራ ለዚህ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች የሚሠሯቸውን ማስታወሻዎች ስመለከት ያንኑ የካርታውን ጥበብ አያለሁ። ስለ ዝግጅት ሲነሳ የምንሰማው ስለ ሰዓት ብዛት ነው፤ ስንት ሰዓት አጠና፣ ስንት ሌሊት አመሸ። በደንብ የተዘጋጀ ሾርት ኖት የእጅ ሥራ መሆኑን፣ ጥራቱም እንደ ማንኛውም የእጅ ሥራ በዓይን የሚለይ መሆኑን የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ቡታጅራ ላይ ያየሁት የአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ይህን በግልጽ ያሳያል። ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ግራና ቀኙ ገጽ የተለያየ ሥራ አላቸው። በግራው በኩል ከላይ እስከ ታች ክስተቶች በቅደም ተከተል ወርደዋል፤ አንዱ ከሌላው በሁለት ባዶ መስመር ይርቃል። በቀኙ በኩል ከእያንዳንዱ ክስተት ትይዩ ሁለት ነገሮች ብቻ ተጽፈዋል፦ ምን አመጣው፣ ምን አስከተለ። ባዶዎቹ መስመሮች የታሰበባቸው ናቸው። ተማሪዋ ምዕራፉን ስትጨርስ ሁሉንም እንደማታውቅ አውቃለች፤ ከሞዴል ፈተናው በኋላ የሚጨመር ነገር ቦታ ተቀምጦለታል። እርግጠኛ የሆነችበት በእስክሪብቶ፣ ገና የምታጣራው በእርሳስ ተጽፏል። አንድ ገጽ ሲገለጥ የትኛው ዕውቀት የጸና፣ የትኛው ገና በመጣራት ላይ ያለ እንደሆነ ያለ ማብራሪያ ይታያል።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የግራው ገጽ ጠርዝ ነው። እዚያ ሁለት የዓመት ዓምዶች አሉ። በሰማያዊ የኢትዮጵያው፣ በቀይ የአውሮፓው ተጽፏል። ለሌላ አገር ተማሪ ይህ ትርፍ ሥራ ይመስል ይሆናል፤ ለኛ ተማሪ ግን የሥራው ዋና ክፍል ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪክ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፉም ዓመቱን የሚቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ቤት ውስጥ፣ በሬዲዮ፣ በበዓል ቀን የሚጠራው ዓመት ደግሞ የኛው ነው። ተማሪው ሁለት ሰዓት በእጁ እንዳሰረ ሰው ይኖራል፤ የትኛውን እንዳየ ካላወቀ ከነ ትጋቱ ይሳሳታል።

የዚህ ስሕተት ጉዳት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በጉራጌ ታሪክ ላይ ነው። 1888 የሚለውን ቁጥር ውሰዱ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ የዐድዋ ዓመት ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሚለውን የማያውቅ ተማሪ የለም። በአውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ ያው 1888 የጀብዱ ሜዳ ውጊያ ዓመት ነው፤ የቀቤናው መሪ ሐሰን ኢንጃሞ በምኒልክ የጦር አዛዥ በራስ ጎበና ዳጬ ጦር የተሸነፈበት። ቀቤና ከወልቂጤ ጎን ነው። እንግዲህ የወልቂጤ ተማሪ በገዛ አካባቢው የተደረገውን ውጊያ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ 1888 ብሎ ይገለብጣል፣ ዐድዋንም ከልጅነቱ ጀምሮ በሚያውቀው ዓመት 1888 ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱም በደብተሩ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ቁጥሮቹ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ታሪኩ ግን ፈርሷል። በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት በላይ አለ፤ በዚያ መካከልም የውጫሌ ውል አለ፣ የአፄ ዮሐንስ መሞትና የምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መሆን አለ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ አለ።

ጥሩው ደብተር ይህን የሚከላከለው በሁለቱ ቀለሞች ነው። እዚህ ላይ ሌላ ረቂቅ ነገር አየሁ። ልዩነቱ ሁልጊዜ ስምንት አይደለም፤ ከመስከረም ጀምሮ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ የአውሮፓው ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ስለዚህ መጽሐፉ ዓመቱን ብቻ ሰጥቶ ወሩን ሳይናገር ሲቀር፣ ጠንቃቃዋ ተማሪ በሰማያዊው ዓምድ አንድ ቁጥር አትጽፍም፤ 1880/81 ትላለች። በዚያች ሰያፍ መስመር ውስጥ ሐቀኝነት አለ። ምንጩ ያልነገራትን እርሷም አትናገርም።

የወሩን ጉዳይ ይበልጥ የሚያሳየው የ1967ቱ ለውጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በኛ አቆጣጠር ሁለቱም የአንድ ዓመት ነገሮች ናቸው፤ የዘውዱ መውደቅና የመሬት ሥርዓቱ መገርሰስ በአንድ ትንፋሽ ይነበባሉ። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ግን አንዱ 1974 ላይ፣ ሌላው 1975 ላይ ይወድቃል፤ በንባብ ውስጥም ይራራቃሉ። ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን ያሰፈረ ተማሪ ቀን ከመለወጥ ያለፈ ነገር ያተርፋል። የአገሩ ሰው ያን ዓመት እንዴት እንደኖረው ያያል። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ከ1855 እስከ 1991 ብለው በእንግሊዝኛ ያወጡት መጽሐፍ ወደ አማርኛ ሲመጣ አርእስቱ ከ1847 እስከ 1983 ሆኗል። ተማሪዋ በደብተሯ ጠርዝ የምትሠራው በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የተሠራውን ያንኑ ሥራ ነው።

ከቀን ቀጥሎ የሚታየው ጥበብ መቁረጥ ነው። የ12ኛ ክፍል ታሪክ ሰፊ ነው፤ ከአውሮፓ የኢንዱስትሪ ዘመንና ከብሔርተኝነት ተነስቶ በአፍሪካ ቅኝ አገዛዝ፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች፣ በዘመናዊት ኢትዮጵያ ምሥረታ አልፎ እስከ ቅርቡ ዘመንና እስከ አገር በቀል ዕውቀት ድረስ ይሄዳል። ይህን ሁሉ መገልበጥ ማስታወሻ አይደለም፤ መጽሐፉን በመጥፎ የእጅ ጽሑፍ እንደገና ማሳተም ነው። ብዙ ደብተሮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሁሉም መስመር በማርከር ቢጫ ሆኖ ሲታይ ምንም አልተመረጠም ማለት ነው። የሚሸመድድ ተማሪ አይቆርጥም፣ ምክንያቱም የትኛው እንደሚያስፈልግ አያውቅም፤ ፍርሃቱ ሁሉንም ያስጽፈዋል። የገባው ይቆርጣል።

የህንዱን የ30 ቃል ገደብ በጀብዱ ሜዳ ላይ ሞክሬዋለሁ፦

«ጀብዱ ሜዳ፦ የቀቤናው ሐሰን ኢንጃሞ በራስ ጎበና ጦር የተሸነፈበት፣ በ1888 እ.ኤ.አ.። ክስታኔ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ በሰላም ገብሮ ነበር። ምዕራቡ ጉራጌ ግን ለዓመታት ተዋጋ፤ ከዚህ ውጊያ በኋላ ወደ ሸዋ ተጠቃለለ።»

ቃላቱን ብትቆጥሩ 30 ናቸው። ቦታ አለ፣ ሁለት ሰው አለ፣ ዓመት አለ። ከሁሉ በላይ ግን ንጽጽር አለ። «ክስታኔ በሰላም ገብሮ ነበር» የሚለው ሐረግ ባይኖር ማስታወሻው የአንድ ውጊያ ዜና ብቻ ይሆን ነበር። እርሱ ሲገባ ጥያቄ ይወለዳል፦ ሰሜኑ በሰላም ሲገባ ምዕራቡ ለምን ተዋጋ? መልሱ ደግሞ ከቀኙ ገጽ ይመጣል። ክስታኔ፣ ማለትም የሰሜኑ ጉራጌ፣ ለሸዋ ቅርብ ነበር፣ በሃይማኖትም ይዛመድ ነበር። በምዕራቡ በኩል የሐሰን ኢንጃሞ ተቃውሞ በእስልምና ዙሪያ የተሰባሰበ ኃይል ነበረው። አንድ ሐረግ ሁለት አካባቢን፣ ሁለት መንገድንና አንድ ምክንያትን ተሸከመ። በማስታወሻ ውስጥ የተቀመጠ እያንዳንዱ ቃል እንዲህ ሥራ ሊኖረው ይገባል፤ ሥራ የሌለው ይወጣል። ራስ ጎበና የሚለው ላይ «ዳጬ» የቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላ ጎበና የለምና አንባቢውን አያሳስትም።

የሥራው ጥራት በተማሪው በኩል ብቻ አይደለም። በደንብ የተሠራ የምርጫ ጥያቄም እንደዚሁ ጥበብ ይጠይቃል። ብዙ ሰው የምርጫ ፈተና ቀላል ነው ይላል፤ ግምት ያስችላል ይላል። በችኰላ የወጣ ጥያቄ በእርግጥ እንዲያ ነው። ሦስቱ የተሳሳቱ አማራጮች ትርጉም የለሽ ከሆኑ መልሱ ራሱ ይጮኻል። ጥሩ ጥያቄ አውጪ ግን ለእያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ ምክንያት ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ አንድ ዓይነት የተማሪ ስሕተት እንዲይዝ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ያለ መምህር ለሞዴል ፈተና ሊያወጣው የሚችለውን አንድ ጥያቄ እንመልከት። አራት ክስተቶችን በጊዜ ቅደም ተከተል አስቀምጡ ይላል፦ እምባቦ፣ ጀብዱ ሜዳ፣ ውጫሌ፣ ዐድዋ።

ሀ. እምባቦ፣ ጀብዱ ሜዳ፣ ውጫሌ፣ ዐድዋ
ለ. እምባቦ፣ ውጫሌ፣ ጀብዱ ሜዳ፣ ዐድዋ
ሐ. ጀብዱ ሜዳ፣ እምባቦ፣ ውጫሌ፣ ዐድዋ
መ. ውጫሌ፣ እምባቦ፣ ጀብዱ ሜዳ፣ ዐድዋ

መልሱ ሀ ነው። እምባቦ 1874 ዓ.ም.፣ ጀብዱ ሜዳ 1880/81፣ ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ዐድዋ 1888። አሁን የቀሩትን ተመልከቱ። ለ የሚይዘው የዓመት አቆጣጠር የተደባለቀበትን ነው፤ የጀብዱ ሜዳን 1888 ሳይለውጥ ይዞ ከ1881 በኋላ ያስቀምጠዋል። ሐ የሚይዘው በካርታ ብቻ የሚያስበውን ነው፤ ጉራጌ ለሸዋ እምባቦ ካለበት ከሆሮ ጉዱሩ ይቀርባል፣ ስለዚህ አስቀድሞ ተይዟል ብሎ ይገምታል። ሐሳቡ ሞኝነት የለበትም፤ የጎደለው ጎበና ያለበት የሸዋ ጦር መጀመሪያ በእምባቦ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ማድረጉን ማወቅ ነው። መ የሚይዘው የምኒልክ መስፋፋት በሙሉ ከጣልያን ጋር ውል ከተፈረመ በኋላ የመጣ የሚመስለውን ነው። አንድ ጥያቄ ሦስት የተለያየ ድክመት ይለያል። መምህሩ የተማሪዎቹን መልስ ቆጥሮ ለን የመረጡ ከበዙ፣ ነገ የሚያስተምረው የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ሐን የመረጡ ከበዙ ዘመቻዎቹን እንደገና ያነሳል። እንዲህ የተሠራ ፈተና በሽታውን የሚያሳይ ምርመራ ይሆናል፤ ውጤቱን ለተማሪው ከመንገር አልፎ ለመምህሩ ሥራ ያዘጋጃል።

አሁን ወደ ካርታው ልመለስ። የህንዱ ተፈታኝ 20 ነጥብ ይሰጠዋል። የጉራጌ ተማሪ የራሱን 20 ነጥብ ቢያወጣ ምን ይመጣል? ይህን ስሠራ ያሰባሰብኩት ሀብት አስገረመኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ነው። መልካ ቁንጥሬ በአዋሽ ዳር አለ፤ የጥንት ሰው ድንጋይ ጠርቦ መሣሪያ ያደረገበት ስፍራ ነው፤ ከባልጪት ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ቀጥሎ ጢያ ይመጣል፤ በሶዶ የሚገኘው ይህ ስፍራ 36 ትክል ድንጋዮች አሉት፣ ከእነዚህ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ ሰይፍ ይበዛባቸዋል። ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ከዚያ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ምድረ ከብድ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ገዳማትና የብራና መጻሕፍት ያሉባቸው የዝዋይ ደሴቶች።

በምዕራቡ መንገድ፣ በወልቂጤ በኩል ወደ ጅማ በሚያልፈው፣ ሌላ ምዕራፍ አለ። ቀቤናና ጀብዱ ሜዳ አሉ። የአብረት የሱፊ ማእከል አለ። የካቶሊክ ሀገረ ስብከት መቀመጫ የሆነችው እምድብር አለች። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሎች ሕግ የሚያወጡበትና ጠብ የሚፈቱበት የጆካ አለ። እነዚህን ከአገሪቱ ነጥቦች ጋር አገናኙ፦ ሽምብራ ቁሬ፣ መቅደላ፣ እምባቦ፣ ጨለንቆ፣ ውጫሌ፣ ዐድዋ፣ ሰገሌ፣ ማይጨው። ወልቂጤንና ቡታጅራን፣ የክስታኔንም አገር አይመለልን ጨምሩ። ሃያው ሞልቷል።

የዚህ ካርታ ጥቅም ለስሜት አይደለም። ታሪክ ለማስታወስ ከባድ የሚሆነው አንድ ነገር ብቻውን ሲንጠለጠል ነው። በቅርብ የሚታወቅ ቦታ ሲኖር ሌላው ይያያዝበታል። ሽምብራ ቁሬ በ1521 ዓ.ም. አፄ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ የተሸነፉበት ነው ብሎ ብቻ የያዘ ተማሪ ይረሳዋል። ዝዋይ ላይ ያሉት ገዳማት በዚያ ዘመን ለመጻሕፍትና ለቅርስ መሸሸጊያ ሆነዋል የሚለውን ትውፊት ከሰማ በኋላ ግን ጦርነቱ ወደ ቡታጅራ ይቀርባል። በአገር በቀል ዕውቀት ክፍል ስለ ባህላዊ የዳኝነት ሥርዓት ሲጠየቅ የጆካን ያውቃል፤ ስለ ምግብ ዋስትና ሲጠየቅ እንሰት በጓሮው አለ። እንሰት የሚቆመው ለዓመታት ነው፤ ቤተሰቡ ሲቸግረው የሚቆርጠው፣ ሲመቸው የሚያቆየው ተክል በመሆኑ ድርቅ ሲመጣ የሚተማመኑበት ነው። ይህን ተማሪው ከመጽሐፍ አይሸመድደውም፤ መጽሐፉን በእርሱ ያነብባል።

ስለ መንገዱም አንድ ቃል። ጉራጌዎች በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተው፣ ተደራጅተው አገራቸውን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኝ መንገድ ለማሠራት ተነሡ። ይህ ታሪክ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ውስጥ ሰፊ ቦታ ባይኖረውም፣ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ስለነበረችው ኢትዮጵያ የሚያጠና ተማሪ ስለ ከተማና ገጠር ግንኙነት፣ ስለ ሥራ ፍለጋ ፍልሰት፣ ስለ ራስ አገዝ ማኅበር ሲያነብ እርሱ የተቀመጠበት አውቶቡስ የሚሄድበት መንገድ ምሳሌ ይሆነዋል።

ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ጥበብ ምንጭን መለየት ነው። በጉራጌ ስለ አመጣጥ የሚነገሩ ትውፊቶች አሉ። አንዱ ከአከለ ጉዛይ ጉራ ከተባለ ቦታ በአዝማች ስብሐት መሪነት የመጣን ሠራዊት ያነሳል፤ ሌላው ከሐረር በኩል መምጣትን ይናገራል። ጥሩ ደብተር እነዚህን እንደ ተፈጸመ ነገር አይጽፍም፣ እንደ ተረትም አይጥላቸውም። «በትውፊት» የሚል ቃል በእርሳስ ከፊታቸው ይጨመራል። ሽማግሌ ዓመት ቆጥሮ አይነግርም፤ «ከእገሌ በፊት፣ ከረኀቡ በኋላ» ይላል፤ ይህ የራሱ የሆነ ቅደም ተከተል ነው፤ አውቆ ላዳመጠው ብዙ ይናገራል። ልጅቱ አያቷን «አባባ፣ ይህን እርስዎ ከማን ሰሙት?» ብላ ስትጠይቅ፣ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ያለ የታሪክ ተመራማሪ የሚጠይቀውን የመጀመሪያ ጥያቄ ጠይቃለች። መልሱን ስትጽፍ የሰማችበትን ሰው ዝምድናና የነገሩን መነሻ ካስቀመጠች፣ ደብተሯ ለፈተና ከሚሆነው በላይ ሆኗል።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ውጤቱ ሲወጣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ ስለ ኩረጃና ስለ ስንፍና ተነጋገረ። ያ ቁጥር ለኔ ሌላም ነገር ይነግረኛል። ብዙ ልጆች ለዓመታት ሲጽፉ ኖረው ማስታወሻ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያሳያቸው ሰው አልነበራቸውም። ማንም ልጅ ተወልዶ ሾርት ኖት መሥራት አያውቅም። አናጢ ለረዳቱ እንጨት እንዴት እንደሚገጠም በእጁ እያሳየ ያስተምራል፤ የታሪክ መምህርም ሁለቱን ዓምዶች፣ ባዶውን መስመር፣ የእርሳሱንና የእስክሪብቶውን ልዩነት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ማሳየት አለበት። ይህ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። የ20 ነጥቡን ካርታ ለመሥራት ደግሞ ባዶ ካርታ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ብቻ ያስፈልጋል።

ይህን ሥራ የማከብረው ከፈተናው ቀን በኋላ ስለሚተርፍም ነው። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። ዛሬ በእነዚህ ከተሞች ለፈተናው የሚዘጋጁት ልጆች ነገ በወረዳና በዞን ቢሮዎች ይቀመጣሉ። አንዱ በባህልና ቱሪዝም ቢሮ የጢያን ድንጋዮች ጉዳይ ይይዛል። ሌላዋ በፍርድ ቤት ወይም በመሬት ቢሮ ሁለት ወገን ሁለት ታሪክ ይዘው ሲመጡ ትሰማለች። ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ዓመት የተጻፈበት ሰነድ ሲቀርብላት ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ማወቅ፣ የተነገራትን ከተረጋገጠው መለየት፣ «ከማን ሰሙት» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ፣ ብዙ ወሬ ያለበትን ነገር በ30 ቃል ሳትበድል ማስቀመጥ ያስፈልጋታል። የህንድ መንግሥት ሠራተኞቹን ሲመለምል በታሪክ ካርታ የሚፈትነው ለከንቱ አይደለም። በቡታጅራ ያየሁት ደብተርም ለዚያው ሥራ እጅ እያለማመደ ነው፤ መምህራን ሁሉ ተማሪዎቻቸውን እንዲህ ያለ ደብተር እንዲሠሩ ቢያስተምሩ፣ ዞኖቹ ለነገው ቢሮአቸው የሚሆን ሰው ዛሬ ከክፍሉ ማዘጋጀት ይጀምራሉ።